የአባቴ እርጥብ ቅጠል

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ጫት ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ከሚሴ ገበያ ውስጥ እሱ ያሰረው ጫት ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር ይላሉ፤ ማለዳ የተቆረጠ ቅጠል እሱ እጅ ከገባ ቀኑን ሙሉ አይጠወልግም። ዘዴው ሌላ ምንም ሳይሆን ውኃ ነው። ቅጠሉን በኮባ ይጠቀልለዋል፣ በእጁ ውኃ ያርከፈክፍበታል፣ ከዚያ ፀሐይም ነፋስም የማያገኘው ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለ ልጅነት ቤቴ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ከኮባው ጫፍ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ነው። እናቴ በዚህ ውኃ ሳትነጫነጭ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ውኃህን ከቤት አውጣልኝ» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፣ እሷ ጨርቋን አንስታ ትወለውላለች፣ ውኃው መንጠባጠቡን ይቀጥላል። እንዲህ እየተባባሉ አረጁ።

እናቴ ስትሞት አባቴ ሱቁን ዘጋ። መጀመሪያ ሰሞን ሐዘን ነው ብለን ተውነው። ወራት አልፈውም ግን አልከፈተውም። ጠዋት ፈጅርን እቤቱ ይሰግድና መደቡ ላይ ቁጭ ይላል፤ ፊቱን የሚያዞረው ወደ በሩ ጀርባ ነው። እዚያ ምስማር ላይ የእናቴ ነጠላ ተንጠልጥሏል። ለመጨረሻ ጊዜ ከለቅሶ ቤት ስትመለስ ራሷ የሰቀለችው ነው። አንድ ቀን ላጥበው ብዬ እጄን ስሰድ አባቴ «ተይው» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያንን ነጠላ የነካ ሰው የለም።

እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። ሰው ቢጮህብኝ እመልሳለሁ፤ ዝም ሲለኝ ግን የምገባበት ይጠፋኛል። ያኔ ደጋ ላይ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር አባቴ መደቡ ላይ ከበፊቱ ትንሽ ሟሽሾ ይጠብቀኛል። ጎረቤት ምግብ ታመጣለታለች፣ አመስግኖ ይቀበላል፣ ሳይነካው ይቀዘቅዛል። ሌሊት ስለ ፈተናዬ ሳይሆን ስለዚህ ነበር የማስበው። አባቴ ተነስቶ ከዚያ ቤት ካልወጣ እሱንም በቅርቡ እንደምቀብረው አውቅ ነበር፤ ፈራሁ።

የምማረው ስለ ነፍሳት ነው። የመመረቂያ ሥራዬ የሐር ትል በፈንገስ ሲያዝ ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚከሰት መመርመር ነበር። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ፈንገሱን ሆን ብለን ስለምናረባው፣ ለማወዳደሪያ የሚሆኑ ጤነኛ ትሎችን እዚያው ማሳደግ ያሰጋል። ሌላ ንጹሕ ቤት ያስፈልገኝ ነበር። እናም ወደ አባቴ ሄድኩ። ለሥራዬ ነው ብዬ ነገርኩት፣ ውሸት አልነበረም። የልቤን ግን አልነገርኩትም።

«ትል?» አለኝ መጀመሪያ። ከዚያ ስለ ሐር መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ሐር ለወንድ ሐራም ነው አለኝ። ልበሰው አላልኩህም፣ አሳድግልኝ ነው ያልኩህ ብዬ ተከራከርኩ። አላመነኝም። የሰፈራችንን ሼህ ልጠይቅ ብሎ ከዘራውን አነሳና ወጣ። ከቀብሩ ወዲህ መስጊድ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ትሎቹ ገና ከእንቁላላቸው ሳይፈለፈሉ አንድ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ሼሁ ለወንድ የተከለከለው መልበሱ እንጂ ማርባቱና መሸጡ እንዳልሆነ አስረዱት። ተመልሶ መጣና «ልጅህን ታለብሳታለህ አሉኝ» አለ። እሱ በማይለብሰው ነገር ሊደክምልኝ ነው የተነሳው፤ ፊቴን እንዳያይብኝ ወዲያው ትሎቹ ስለሚቀመጡበት መደርደሪያ ማውራት ጀመርኩ።

ያመጣሁለት ዝርያ የጉሎ ቅጠል የሚበላው ነው። ጉሎ ደግሞ እኛ ዘንድ ከአጥር ሥር እስከ ቦርከና ወንዝ ዳር ሳይተክሉት የሚበቅል ነው። ትሎቹ ሲፈለፈሉ ከቅንጣት ጤፍ የማይበልጡ ጥቁር ነገሮች ነበሩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሲያያቸው ቆየና «እነዚህ ናቸው ሐር የሚሠሩት?» አለ። ታገሣቸው አልኩት። እጅህን ሳትታጠብ አትንካቸው፣ ትኩስ ቅጠል ብቻ ስጣቸው ብዬ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት። አባቴ ደውሎልኝ የማያውቅ ሰው ነበር፤ አሁን በየጠዋቱ ይደውላል። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ይለኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለቱ ነው። ኦሮምኛውን የሚያስቀድመው ደስ ሲለው እንደሆነ ስለማውቅ ገና ሰላምታውን ስሰማ ልቤ ያርፋል። ከዚያ ስለ ልጆቼ ያወራልኛል፤ ትሎቹን ልጆችሽ ነው የሚላቸው። ልጆችሽ ቆዳ ቀየሩ። ልጆችሽ ዛሬ ሲበሉ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ መሰለኝ። ማለዳ ቅጠል ሊቆርጥ ወደ ወንዙ ሲወርድ የድሮ ደንበኞቹ ያገኙታል፤ ጫቱን ትተህ ጉሎ ጀመርክ እንዴ ብለው ያሾፉበታል። «የአሁኖቹ ደንበኞቼ አይከራከሩኝም» ብሎ እንደመለሰላቸው ሲነግረኝ ራሱ ሳቀ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የመኝታ ክፍሌ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ሲደውል ኦሮምኛው አልነበረም። ሰላምታውንም አሳጠረ። ምነው አባ አልኩት።

«ይደርቃሉ፣ ከዚያ ነጭ ይወጣባቸዋል» አለኝ። «ከፈን ለብሰው ነው የሚሞቱት፣ ልጄ።»

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሆን ብለን የምናስይዛቸው በሽታ ነው። የሞተው ትል እንደ ቁራጭ እንጨት ይገተራል፤ ከዚያ ፈንገሱ ከውስጥ ወጥቶ ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል። በማግስቱ ትንንሽ ቱቦዎቼንና የበረዶ ሣጥኔን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሣጥኑ ክትባት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የትል ደም ልቀዳበት ነው ስላት ልብሷን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። የጨፋ ሜዳ ማሽላው አረንጓዴ ሆኖ፣ ከብቱ በየጭቃው ተሰማርቶ ያልፋል፤ እኔ ግን የማየው ያንን መደብ ነው። ትሎቹ ካለቁ አባቴ ተመልሶ እዚያው እንደሚቀመጥ፣ በዚህኛው ዙር ደግሞ የሚያስነሳው ነገር እንደማላገኝለት እርግጠኛ ነበርኩ።

ስደርስ አባቴ የሞቱትን አልጣላቸውም፤ ጋዜጣ ላይ ደርድሯቸዋል። መቅበር ይገባ እንደሆነ አላወቅኩም አለኝ። ሣጥኔን አስቀምጬ ዞር ዞር ስል ጥጉን አየሁ። የጉሎው ቅጠል በኮባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አባቴ ውኃ አርከፍክፎበታል። ከኮባው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል።

ትኩስ ቅጠል ስጣቸው ብዬዋለሁ፤ ለአባቴ ትኩስ ቅጠል ማለት ይሄ ነው። የሚያውቀውን ጥበብ በሙሉ ሰጥቷቸዋል። የፈንገሱ ዘር ከየትም ይመጣል፤ ሜዳ ላይ ከሞተ ነፍሳት በነፋስም በቅጠልም ላይ ተሳፍሮ ይገባል። ደረቅ ቆዳ ላይ ካረፈ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያደርግ ይቀራል። በክረምት፣ መስኮቱ በተዘጋ ቤት፣ እርጥብ ቅጠል ላይ ውሎ ለሚያድር ትል ግን መዳኛ የለውም። ይህንን ካልነገርኩት የቀሩትም ያልቃሉ። ከነገርኩት ደግሞ የገደልካቸው አንተ ነህ ማለቴ ነው። ከሁለቱ የትኛው አባቴን ይበልጥ እንደሚጎዳው ማወቅ አቃተኝና ጓንቴን አጠለቅኩ።

አባቴ አጠገቤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አሁንም እየበሉ ካሉት መካከል ጥቂቱን አነሳሁና እግራቸውን በመርፌ ወግቼ ጠብታ ደም በቱቦ ተቀበልኩ። ደማቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ ቀይ አለመሆኑ ገርሞት ደጋግሞ አየው። ይኼ ጤነኛ አይደለም እንዴ፣ እየበላ ምን አደረገሽ አለኝ።

እዚህ ላይ ከትምህርቴ ያለውን ነገርኩት። ፈንገሱ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው፤ ዘሩ ይበቅልና ሥሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል። የትሉ ሰውነት ዝም ብሎ አያየውም፣ ይዋጋዋል። ችግሩ ውጊያው ራሱ መርዝ ያወጣል፤ ከሚተነፍሰው ኦክስጅን የሚነሳ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል መርዝ። ይህንን የሚያጠፉ ኢንዛይሞች ደሙ ውስጥ አሉ። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለው ቀድሞ ይደርስና መርዙን ወደ ሌላ፣ ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። እሱም ገና ጎጂ ነው። ከዚያ ካታሌዝ የሚባለው ይመጣና ውኃና ኦክስጅን አድርጎ ይጨርሰዋል።

«ስማቸውን ተይው፣ እሳት አጥፊዎች በያቸው» አለ አባቴ።

እሺ አልኩ። ትሉ በተያዘ ሰሞን እሳት አጥፊዎቹ ከጤነኛው ትል በላይ ነው የሚሠሩት። ያኔ ትሉ ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ በዓይን ብታየው ከሌላው አትለየውም። ፈንገሱ እየበዛ ሲሄድ ይደክማሉ፤ ሥራቸው ይወርዳል፣ ከጤነኛውም በታች ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው መብላት የሚያቆመው። እኛ ታመመ የምንለው ያኔ ነው፣ ያኔ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው።

አባቴ ነጠላው ወዳለበት አልዞረም፤ እጁን ነው የሚያየው።

«እናትሽ በዚያች በመጨረሻዋ ረመዳን ከሕመሟ ተነስታ ቤቱን ሁሉ ቀባችው» አለ። «ጎረቤቱን ሁሉ አፈጠረች። ዳነች ብዬ ሰንበቴ ገበያ ሄድኩ እኮ። ዳነች ብዬ።»

እናቴ ያረፈችው እሱ ሰንበቴ እያለ ነው። በዚህ ራሱን እንደሚወቅስ አላውቅም ነበር። ያንን ሁሉ ወራት መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ነጠላውን የሚያየው ናፍቆት ብቻ መስሎኝ ኖሯል። ጓንቴን አወለቅኩና እጁን ያዝኩት። ከውጭ አይታይም አባ አልኩት፤ ሐኪሞቹም አላዩትም፣ እኔም አላየሁም፣ አንተም ልታየው አትችልም ነበር። አላህ ይርሐማት አለ፣ እኔም አልኩ። እጁ ሲፈታ ተሰማኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ይበቃ ነበር። አባቴ ግን ነጋዴ ነው፤ የተነገረውን ነገር እስከ ጫፉ ሳያገላብጥ አይተውም።

«መጨረሻ ላይ ውኃ ይሆናል አልሽ አይደል? እሳቱ።»

አዎ አልኩት።

«ከውስጥ ሲሆን ውኃ ያድናቸዋል ማለት ነው። ከውጭ ሲሆንስ?» ብሎ ወደ ጥጉ፣ ወደ ኮባው ዞረ።

ዓይኔን አላሸሸሁም። ልዋሽ ብችልም ያወቅብኝ ነበር፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከውጭ ሲሆን ለፈንገሱ በር ይከፍትለታል፣ አባ አልኩት። ቅጠሉ ደረቅ መሆን አለበት። ያልነገርኩህ እኔ ነኝ ብዬ ቀጠልኩ፤ ስለ ሙቀቱም ስለ ነፋሱም ለማስረዳት ብዙ አወራሁ፤ እሱ ግን አልሰማኝም። ተነስቶ ኮባውን ከነቅጠሉ አቅፎ ደጅ አወጣው። ተመልሶ ገባና መደቡ ላይ ወጣ። ፊቱን ወደ በሩ ጀርባ አዞረ።

የቀረውን ቀን ብቻዬን ሠራሁ። የሞቱትንና የተጠረጠሩትን ከተቀመጡባቸው ሰፌዶች ጋር ጓሮ አቃጠልኩ፤ ቤቱን በበረኪና አጠብኩ፤ ከላይኛው መደርደሪያ የተረፉትን ወደ ሌላኛው ክፍል አሻግሬ መስኮቱን ከፈትኩላቸው። ውጭ ያለማቋረጥ ይዘንባል። ራት አቀረብኩለት፣ አመሰገነኝ፣ ሳይነካው ቀዘቀዘ። ለሥራዬ የሚሆን ደም ሣጥኔ ውስጥ ሞልቷል፤ በዚያች ሰዓት ያ ሁሉ ለእኔ ምንም አልነበረም። እውነቱን መናገሬ ትክክል መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ትክክል መሆን አባቴን አያበላልኝም።

ጠዋት ስነቃ ዝናቡ አባርቷል። መደቡ ባዶ ነው። መስጊድ ሄዶ ይሆናል ብዬ ራሴን ላረጋጋ ስሞክር ዓይኔ በሩ ጀርባ ላይ አረፈ። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ነጠላው የለም።

ጫማ ሳላደርግ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጫማውና የሱሪው ጫፍ ጭቃ ነው፤ ወንዝ ደርሶ ተመልሷል። በግራው ዝናብ ያራሰው የጉሎ ቅጠል ክምር አለ፣ በቀኙ ሰሌን ተዘርግቷል። ከክምሩ አንድ ቅጠል ያነሳል፣ በእናቴ ነጠላ ፊቱንም ጀርባውንም ይጠርገዋል፣ ወደ ብርሃኑ አንስቶ ያየዋል፣ ከዚያ ሰሌኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ነጠላው ጥለቱ ድረስ ርሷል፤ አረንጓዴም ይዟል።

መቆሜን አየ። እንባዬንም አየ። አጠገቡ ቁጭ እንድል በነጠላው ጫፍ አመለከተኝና ሥራውን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱን ከቅጠሉ ሳያነሳ ነው የተናገረው።

«ዕድሜዋን ሙሉ ውኃህን ከቤት አውጣ ስትለኝ ኖረች» አለ። «ዛሬ ገና ሰማኋት።»

የነጠላውን ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩና አብሬው መጥረግ ጀመርኩ።